ስለ አሮጌ ባለ ሞተር የታንክ ሞዴሎች ጥገና
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በመዳፍ ላይ ስለሚቆም የፕላስቲክ ታንክ ነው። የልጅ መጫወቻን በዩኒቨርስቲ አዳራሽ ምን አመጣው የሚል ቢኖር፣ ያመጣው አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም አሮጌ ዕቃ የሚጠግን ሰው ታማኝነቱ ለምን መሆን ይገባዋል? ዕቃው ለተሠራበት ሥራ ነውን? ወይስ ለሚመስለው ነገር? ወይስ ለገበያ ዋጋው? ይህ ጥያቄ መጽሐፍ ለሚጠርዝም፣ ቤት ለሚያድስም፣ የአባቱን ሰዓት ለሚያስጠግንም ይመጣል። በታንኩ ላይ ግን መልሱ በዐይን የሚታይ ስለ ሆነ ለመማር ይመቻል።

አስቀድሜ ታሪኩን ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በጃፓን አገር፣ ሺዙኦካ በምትባለው ከተማ፣ ዮሺዮ ታሚያ የተባሉ ሰው በ1946 የእንጨት መሰንጠቂያ አቋቋሙ። ድርጅቱ ጥቂት ቈይቶ ከእንጨት ሞዴል ወደ መሥራት ዞረ፤ ፕላስቲክ ገበያውን ሲወስድበት ደግሞ እርሱም ወደ ፕላስቲክ ገባ። በ1960 ያወጣው የመጀመሪያው የፕላስቲክ ሞዴል፣ ያማቶ የተባለው የጦር መርከብ፣ ገበያ አልቀናውም። ከዚህ በኋላ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጀርመኑን ፓንተር ታንክ በሞተር የሚሄድ አድርጎ አቀረበ፤ ይህም በእጅጉ ተወደደለት።

እዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር አለ። በ2025 ያረፉት የመሥራቹ ልጅ ሹንሳኩ ታሚያ እንዳስረዱት፣ የፓንተሩ መጠን የተመረጠው ሁለት የባትሪ ድንጋይ በሆዱ እንዲይዝ ተብሎ ብቻ ነው። ቈይቶ የሌሎች አገሮችን ታንኮች በዚያው ልክ ለመሥራት በታሰበ ጊዜ ሞዴሉ ቢለካ፣ ከእውነተኛው ታንክ 35 እጅ አንዱን ያህል ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች የሚከተሉት የ1/35 መጠን የተወለደው ከባትሪ ድንጋይ ነው ማለት ነው።

ከዚሁ የተነሣ የዚያ ዘመን ሞዴሎች ከእውነተኛው ታንክ ጋራ ሲተያዩ እንከን ይወጣላቸዋል። ለሞተሩና ለባትሪው ቦታ ይገኝ ዘንድ ቀፎው የሚሰፋበት ጊዜ አለ፤ ከሆዱም በታች የማብሪያና የማጥፊያ ቀዳዳ ይታያል። ይህን ያየ ጠጋኝ ከሦስቱ አንዱን ያደርጋል። አንደኛው ቀዳዳውን ደፍኖ፣ የሰፋውን አጥብቦ፣ ፎቶግራፍ ያስመስለዋል። ሁለተኛው የውስጡን ሁሉ አውጥቶ ጥሎ የዘመኑን የሬዲዮ መቈጣጠሪያ ይከትበታል። ሦስተኛው ምንም ሳይነካ በመስተዋት ሣጥን ያስቀምጠዋል።

ሦስቱም ምክንያት አላቸው። በተለይ ሳይገጣጠም እስከ ካርቶኑ የቈየ ሞዴል ከተገኘ፣ እንዳለ ይቀመጥ የሚለው ሐሳብ ትክክል ነው። የእኔ ንግግር ግን ስለ ተገጣጠመው፣ ስለ ተሰበረውና በአቧራ ስለ ተሸፈነው ነው። በዚህ ላይ አሳቤ ግልጽ ነው፤ ያ እንከን የሞተሩ አሻራ ነው። እንከኑን ያረመ ሰው ታሪኩን ይፍቃል። ታንኩ እንዲሄድ ተብሎ የሰፋ ከሆነ፣ ጥገናው እንዲሄድ ማድረግ ነው።

ሥራው በትዕግሥት ይጀመራል። የተጣበቀውን ቀፎ በጕልበት መፈልቀቅ ፕላስቲኩን ይሰብረዋል። አሮጌ ማጣበቂያ በብርድ ስለሚሰባበር፣ ሞዴሉን ጥቂት ሰዓት በማቀዝቀዣ በረዶ ቤት አቈይቶ በስስ ምላጭ መጋጠሚያውን መከተል ይሻላል። ለእድፉ ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። አሴቶንና ቲነር ግን አይድረሱበት፤ ሞዴሉ የተሠራበትን ፖሊስታይሪን የተባለ ፕላስቲክ ያቀልጡታልና።

ቀጥሎ ሰንሰለቱ ይታያል። እርሱ ቪኒል ከተባለ ከሌላ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሲሆን፣ እንዲለሰልስ የተጨመረበት ቅባት በዓመታት ብዛት እየወጣ ይሄዳል። ሰንሰለቱ ይደርቃል፤ የወጣው ቅባት ደግሞ የነካውን መንኰራኩር ይበላል። ስለዚህ ሞዴሉ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ሰንሰለቱ ወልቆ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ለብቻው ይኑር። የደረቀውን በሞቀ ውሃ ነክሮ ቀስ በቀስ ማፍታታት፣ የተበጠሰውንም በስስ ሽቦ መስፋት ይቻላል።

የባትሪ ድንጋይ ውስጡ ተረስቶ ከቈየ፣ ፈሳሹ የነሐሱን መገናኛ ይበላዋል። ድንጋዩ አልካላይን ከሆነ ነጩን ዱቄት በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ጠብታ አብርዶ፣ በእርጥብ ጨርቅ አብሶና አድርቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት መጥረግ ነው።

ሞተሩ ራሱ ከሞተ ምትክ ማግባት ያስነውራል አልልም። ማቡቺ የተባለው የጃፓን ድርጅት ኤፍ ኤ 130 ብሎ የሠራው ትንሽ ሞተር እስከ 3 ቮልት ይሠራል። ሁለት ተራ የባትሪ ድንጋይ በተርታ ሲያያዙ 3 ቮልት፣ ሁለት የሚሞሉ የኒኬል ባትሪዎች ደግሞ 2.4 ቮልት ይሰጣሉ። አንድ የሊቲየም ባትሪ ግን 3.7 ቮልት ስለ ሆነ ለዚህ ሞተር ይበዛበታል።

የፊዚክስ ተማሪዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። ሞተር ሲዞር ራሱ ተቃራኒ ቮልት እያመነጨ ጅረቱን ይገታል። ታንኩ ግድግዳ ገጥሞት ሞተሩ ተይዞ ሲቆም ገቺው ይጠፋል፤ ስለዚህ ብዙ ጅረት የሚፈስሰው በማይንቀሳቀስበት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ሽቦው ይግላል፤ ፕላስቲኩም ይጣመማል። ጥርሶቹን በጥቂት ግራሶ ማለስለስና ዘንጉ ሳይታነቅ መዞሩን በእጅ መፈተን ከማናቸውም በፊት የሚገባው ስለዚህ ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። እውነተኛው ፓንተር በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድ ነበር። ይህ ለ35 ሲካፈል ሞዴሉ በሴኮንድ 36 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል ማለት ነው። ሰንሰለቱን የሚስበው ባለ ጥርስ መንኰራኩር ዙሪያው 8 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በደቂቃ 270 ጊዜ መዞር አለበት። ሞተሩ በደቂቃ 8,100 ጊዜ የሚዞር ብንል፣ ጥርሶቹ 30 ለ1 መቀነስ ይገባቸዋል። ታሚያ የሚሸጠው ባለ ሁለት ሞተር ማርሽ አንዱ አገጣጠሙ 58 ለ1 ነው፤ በዚህ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ወርዶ የመሳብ ኀይሉ ይጨምራል። ሁለት ሞተር ሲኖር አንዱን በማቆም ታንኩ ይታጠፋል። አንድ ሞተር ሁለቱን ሰንሰለት ባንድነት ሲነዳ ግን መንገዱ ቀጥታ ብቻ ነው።

ክብደቱ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ፓንተር 45 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። ርዝመት በ35 ሲያንስ ይዘት በ35 ሦስት ጊዜ ተባዝቶ፣ ማለት በ42,875 ያንሳል። ስለዚህ ሞዴሉ አንድ ኪሎ ያህል ቢመዝን ከእውነተኛው ጋራ ይመጣጠን ነበር። ባዶ የፕላስቲክ ቀፎ ከዚህ በጣም ስለሚቀልል ሰንሰለቱ ይንሸራተታል፤ ከታች ጥቂት ብረት ቢታከልበት መሬት ይይዛል።

ታንክ የሞት መሣሪያ ነው፤ ስለ ምን ታደንቁታላችሁ የሚል ወንድም ቢኖር ክርክሩ ተገቢ ነው። የካርቶኑ ሥዕል የሚያሳየው ክብሩን ነው፤ ሞዴሉን የፈታ ሰው ግን ድካሙን ያያል። 200 ያህል ፓንተሮች በጁላይ 1943 ወደ ኩርስክ ጦርነት ሲላኩ ብዙዎቹ በራሳቸው ብልሽት ቆመዋል፤ በኋላም ኀይል ወደ ሰንሰለቱ የሚያደርሱት የመጨረሻዎቹ ጥርሶች ደካማነት የታወቀ ነበር። በሞዴሉም ይኸው ክፍል ሊሰበር ይችላል። ማሽንን ከውስጥ ያወቀ ሰው በውጭ ገጽታው ብቻ አይማረክም።

በመጨረሻ ሦስት ሥርዓት አቀርባለሁ። አንደኛ፣ አዲስ የገባው ሁሉ በካቻቢቴ ተፈትቶ ሊወጣ የሚችል ይሁን። ሁለተኛ፣ የወጣው አሮጌ ክፍል አይጣል፤ በኤንቨሎፕ ታሽጎ ቀኑና ምክንያቱ ይጻፍበት። ሦስተኛ፣ የነበረ ቀዳዳ አይደፈን፣ ያልነበረም አይበሳ። በዚህ ሥርዓት የሚሠራ ሰው ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ጠጋኝ መንገድ አይዘጋም፤ የተሻለ የሚያውቅ ቢመጣ የእርሱን ሥራ አፍርሶ መጀመሪያውን ያገኘዋልና።

ቤታችሁ የተሰበረ ሞዴል ካለ ሳትጥሉት አስቡበት።