የደም ግፊትና የገበያ ቀን



የውሃ መስመር የሚዘረጋ መሐንዲስ የግፊት መለኪያ ሳያኖር ሥራውን አያስረክብም፤ ቧንቧ ሊፈነዳ ሲል አስቀድሞ አያስታውቅምና። የሰው የደም ሥር ግን ብዙ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ሳይለካ ሃምሳ ዓመት ይሠራል።

በመሠረቱ «ደም ብዛት» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ስሙን የሰማ ሁሉ በሽታው ሰውነቱ የደለበና ከተማ ተቀምጦ ሥጋ የሚያዘወትር ሰው በሽታ ይመስለዋል። የሚበዛው ግን ደሙ ሳይሆን ደሙ የሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኀይል ነው። ስለዚህ የአምባሰልን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ የሚውል ቀጭን ገበሬ ነገሩ እርሱን እንደማይመለከት ቢያስብ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ ኢትዮጵያ የተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች ከመቶ 16 ያህሉ ከፍ ያለ ግፊት እንዳላቸው፣ በቀን የሚበላው ጨውም በአማካይ ለአንድ ሰው 8 ግራም ያህል እንደሆነ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። በወሎ የተለመደው ጫትም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ይህ ሲነገር ቅር የሚለው ሰው ብዙ ነው።

ሕመሙ አይሰማም። የሚሰማው ግማሽ አካል በድንገት ሲዝል፣ አፍ ሲጣመም፣ አንደበት ሲተሳሰር ነው። ያን ጊዜ በሽተኛው ከተራራው በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ይወርዳል፤ ከሐይቅ ከተማ እስከ ደሴ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። በዚህ ሕመም ሰዓቱ ሲያልፍ የሞተው የአንጎል ክፍል አይመለስም።

መለካቱ ግን ቀላል ነው። ሰውየው አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ያርፋል፤ ክንዱ በልቡ ትክክል ይደገፋል፤ ሁለት ጊዜ ይለካል። በተለያየ ቀን 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘ ግፊቱ ከፍ ብሏል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ሠንጠረዥም አለ፤ ዕድሜን፣ ጾታን፣ ትምባሆ ማጨስን፣ የላይኛውን ግፊት፣ ክብደትንና ቁመትን አገናኝቶ የሚቀጥሉትን አሥር ዓመታት አደጋ ያለ ላቦራቶሪ ይገምታል።

ገበሬው ለውጫሌ ወይም ለሐይቅ ገበያ በወረደበት ቀን ይህ ሁሉ በጥላ ሥር ሊፈጸም ይችላል። የለካው ሠራተኛ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ በእጁ ይስጠው፤ ወረቀቱን በሚቀጥለው ገበያ ይዞት ይመጣል።