የዓሣ ገንዳ ማጣሪያ አፍ ላይ ስፖንጅ ስለ ማልበስ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ መጨረሻ ላይ ከልጆቻችን አንዷ ተነሥታ «ጋፒዬ ማታ ወልዳ ጠዋት ጫጩቶቹ የሉም፤ የት ገቡ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ሰዓቱ አልቆ ስለ ነበር መልስ ሳታገኝ ተለያየን። ዛሬ በዚሁ ጉዳይ እንድናገር ታዝዣለሁ። ዓሣ የማያረባም ቢሆን ለጥቂት ደቂቃ ይታገሠኝ።

ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛዋ እናቲቱ ራሷ ናት፤ ጋፒ የወለደችውን ትበላለች። ለዚህ ያለው መድኃኒት ጫጩቶቹ የሚሸሸጉበት ጥቅጥቅ ያለ የውሃ ተክል ማብዛት ነው። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ማጣሪያው ነው። የጋፒ ጫጩት ስትወለድ ርዝመቷ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ውፍረቷ ከክብሪት እንጨት ያንሳል። በመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የተሠሩት ቅጠልና ትልቅ ዓሣ እንዳይገባ ነው እንጂ ለእርሷ ታስበው አይደለም። ስለዚህ ሾልካ ትገባለች። የደከመ ወይም የታመመ ዓሣም ቢሆን አንዴ ቀዳዳው ላይ ከተለጠፈ መላቀቅ ያቅተዋል።

መፍትሔው ቱቦው ጫፍ ላይ ስፖንጅ ማልበስ ነው። ስፖንጁ መንገድ ከመዝጋቱ በላይ የሚሠራው ሌላ ሥራ አለ፤ ይኸውም የመሳቡን ኃይል መበተን ነው። ርዝመቱ 10፣ የጎኑ ስፋት ደግሞ 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድቡልቡል ስፖንጅ ዙሪያው ብቻ ከ180 ካሬ ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። በጥቂት ቀዳዳዎች ይገባ የነበረው ውሃ አሁን በዚያ ሁሉ ገጽ ላይ ተከፋፍሎ ይገባል። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ያለው ጉተታ እጅግ ይደክማል፤ ጫጩቷ ስፖንጁ ላይ ቆማ በላዩ የበቀለውን ጥቃቅን ነገር ስትለቅም ታይዋታለሽ፣ ልጄ። እንግዲህ ስፖንጁ ትልቅ ሲሆን ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

የትኛው ስፖንጅ? ለዓሣ ማጣሪያ ተብሎ የሚሸጠው፣ ቀዳዳው በዓይን የሚታይ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ይበቃል። በጣም ደቃቁ ቶሎ ይደፈናል። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አይሆንም፤ አንዳንዱ ሳሙና ወይም ጀርም ገዳይ ነገር ተነክሮበታል። ከአሮጌ ፍራሽ የተቆረጠውንም እኔ አላምነውም፤ ቀለሙና ኬሚካሉ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል? ስቶኪንግ በክር ማሰር ለአንድ ለሁለት ቀን ያህል ይረዳል፤ ከዚያ በኋላ ይደፈናል።

ስፖንጁን አርሳችሁ ፍሪዘር ውስጥ ብታደርጉት ይጠጥራል፤ ያን ጊዜ በስለታም ቢላዋ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። መሐሉን ስትበሱ ከቱቦው ትንሽ ጠበብ ይበል፣ ከታች በኩልም ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ሳይበሳ ይቅር። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡትና አልብሱት። የገንዳውን አሸዋ ባይነካ መልካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስፖንጅ አልብሶ መርሳት ካለማልበስ ሊብስ ይችላል! ቆሻሻው ሁሉ እርሱ ላይ ስለሚቆም ይደፈናል፤ ሞተሩ ውሃ ያጣል፤ ወደ ገንዳው የሚመለሰው ውሃ ይቀጥናል፤ የውሃው ፊት መናወጡን ሲያቆም ኦክሲጅንም ያንሳል። ይህ ደግሞ ለእኛ ለአዲስ አበቦች ከሌላው ይብሳል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ውሃችን የሚይዘውም ኦክሲጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም የተደፈነ ስፖንጅ ያለበት ማጣሪያ ውሃ መሳብ አቅቶት ባዶውን ሊጮህ ይችላል። ስለዚህ መብራት በመጣ ቁጥር ሄዳችሁ እዩት።

በሳምንት አንድ ጊዜ ይታጠብ። መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ፤ እጅን ውሃ ውስጥ ከቶ ከኤሌክትሪክ ጋር ጨዋታ የለም። ሲወጣ ከሥሩ ጎድጓዳ ሳሕን ያዙለት፤ አለበለዚያ ጭቃው ገንዳውን ያደፈርሰዋል። ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ አራት አምስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። በቧንቧ ውሃ አይታጠብ፣ በሳሙናማ ጭራሽ አይነካ። የቧንቧ ውሃ ጀርም እንዲገድል ክሎሪን ይደረግበታል፤ ስፖንጁ ላይ የሚኖረው ባክቴሪያ ደግሞ የዓሣውን መርዛማ አሞኒያ የሚለውጥልን ነው። አዲስ እስኪመስል አትድከሙ፤ ውሃ በደንብ ካሳለፈ ይበቃል። የማጣሪያውን ሆድ የምታጥቡበት ቀንም ሌላ ይሁን፤ ሁለቱ በአንድ ቀን ከታጠቡ ባክቴሪያው ይሳሳል። የባልዲውን ጥቁር ውሃ አትድፉት፣ ለአበባና ለጎመን ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ ገንዳ ባክቴሪያው እስኪበቅል አራትና ስድስት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ብዙ ጀማሪ ዓሣው የሚያልቅበት በዚህ ጊዜ ነው። ወር ሁለት ወር የሠራ ስፖንጅ ያለው ጎረቤት ሁለት አልብሶ አንዱን ቢሰጥ፣ ተቀባዩ ያን ሁሉ ጊዜ አይጠብቅም፤ ያም ቢሆን ዓሣውን ጥቂት በጥቂት ያስገባ። የታመመ ዓሣ ካለበት ገንዳ ግን አይወሰድም፤ ሰጪው ይህን አስቀድሞ ይናገር። ሲወሰድም የገንዳው ውሃ ባለበት ዕቃ ውስጥ ሆኖ በዚያኑ ቀን ይግባ፤ ከደረቀ ባክቴሪያው ይሞታል።