ከምርጫ ማግስት የመጣ ክፍፍል

እሷ፦ ገዢ ፓርቲ ምርጫ ሲያሸንፍ አንድነቱም አብሮ የጸና ይመስለናል። ኢሕአዴግ በግንቦት 1992 ፓርላማውን ጠቅልሎ ያዘ፤ ዓመት ሳይሞላው፣ በመጋቢት 1993፣ አስኳሉ ህወሓት ለሁለት ተሰነጠቀ።

እሱ፦ ስንጥቁ እኮ ከምርጫው ይቀድማል። የህወሓት መሪዎችን ያለያያቸው የጦርነቱ አካሄድ ነው፤ ከኤርትራ ጋር እንዴት እንዋጋ፣ የት ላይ እናቁም፣ በኋላም ጦርነቱን የቋጨው የአልጀርሱ ስምምነት። ምርጫው ሸፈነው እንጂ አልፈታውም።

እሷ፦ የሸፈነው ጠንካራ ተፎካካሪ ስላልነበረ ነው። ፓርላማ ውስጥ የሚሞግት ከሌለ ክርክሩ በማዕከላዊ ኮሚቴ ዝግ ስብሰባ ይቀራል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ መለስ ዜናዊ ስለ ቦናፓርቲዝም፣ ማለትም ስለ ጠንካራ ግለሰብ አገዛዝ፣ ጽሑፍ ሲያቀርቡ፣ እነ ተወልደ ወልደማርያም፣ ስዬ አብርሃና ገብሩ አሥራት ሲሟገቷቸው፣ መራጩን ማን ጠየቀው?

እሱ፦ መለስን የተቃወሙት አሥራ ሁለት የኮሚቴው አባላት ስብሰባውን ጥለው ወጡ። መድረኩን መልቀቃቸው ስህተት ነበር ባይ ነኝ።

እሷ፦ አልስማማም። ቢቀመጡስ ማን ይሰማቸው ነበር? ገብሩ ከትግራይ ክልል ፕሬዚዳንትነት ተነሱ። ስዬ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ፤ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ቢለቋቸውም ከፍርድ ቤቱ ደጅ እንደገና ተያዙ። የፓርቲ ጠብ ወደ ችሎት ሲሻገር ያስፈራኛል።

እሱ፦ እዚህ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ። ወዲያው የሙስና ተጠርጣሪን ዋስትና የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ ጦሱም በፓርቲው ጠብ ውስጥ እጁ ለሌለበት ዜጋ ጭምር ተረፈ።