አንዲት የመዥገር እግር



ምሳ ሳንበላ ስለ መዥገር ማውራት ደስ አይልም፤ ይቅርታ። ከራሴ ስሕተት ልጀምር።

እንደተመረቅሁ የተመደብሁት ደባርቅ ነበር። አንድ ቀን ዳባት አካባቢ አንዲት እናት ከላማቸው ጡት የነቀሉትን መዥገር በወረቀት ጠቅልለው አመጡልኝ። ደም ጠጥቶ አብጧል፤ አፉ ተቆርጦ ጡቷ ውስጥ ቀርቷል። እኛ ደግሞ መዥገር ስንለይ መጀመሪያ የምናየው አፉን ነው። «ቦፊለስ ነው» አልሁና በየሦስት ሳምንቱ መድኃኒት እንዲረጩ ነግሬ ሸኘኋቸው። ቦፊለስ ከእጭነቱ እስኪጎለምስ ሦስት ሳምንት ያህል ከአንዲት ላም ላይ አይወርድም፤ ምክሩ ለእሱ ነበር። ስመለስ ከጡቷ ሥር አፈ ረጅሙን አምብሊዮማ አገኘሁት። እሱ በየዕድገት ደረጃው ወርዶ ሌላ እንስሳ ይፈልጋል፤ በሁለት ርጭት መካከል ጠጥቶ ይሄዳል። አንደኛው ጡቷ መግል ይዞ ተደፍኗል። «ልጄ፣ ያልኸኝን አድርጌ ነበር እኮ» አሉኝ።

ዛሬ የምሠራበት ማልዲ-ቶፍ የሚባለው መሣሪያ አፍ አይፈልግም፤ አንዲት እግር ትበቃዋለች። እግሯ በፎርሚክ አሲድና በአሴቶናይትራይል ትፈጫለች፤ ጭማቂው ማትሪክስ ከሚባል ውህድ ጋር ብረት ሰሌዳ ላይ ይደርቃል። ሌዘር ሲመታው ፕሮቲኖቹ ኤሌክትሪክ ይዘው አየር በሌለው ቱቦ ይበርራሉ፤ ቀላሉ ቀድሞ፣ ከባዱ ዘግይቶ ይደርሳል። ከዚያ የሚወጣው ሥዕል የዝርያው አሻራ ነው። የተረፈው አካል ለበሽታ ምርመራ ይቆያል።

ታዲያ መሣሪያው የሚያውቀው ያስተማሩትን ብቻ ነው። አሻራውን ቀድሞ ከተመዘገበ አሻራ ጋር ያስተያያል፤ መዝገቡ ውስጥ የሌለ ዝርያ ሲመጣበት እንደኔ ይደናገራል። አልኮል ውስጥ የቆየ መዥገር ደግሞ አሻራው ከትኩሱ ይለያል፤ ከገጠር የምናመጣው ግን በአልኮል ነው። ቢሆንም ይቻላል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከኦሮሚያ የተሰበሰቡ መዥገሮች በአጉሊ መነጽር፣ በዘረመልና በዚህ ዘዴ ተለይተዋል።

የስሜን ግርጌስ? ከሊማሊሞ ቆላ እስከ ደባርቅ ደጋ ያለውን መዥገር፣ መስክ ላይ ያላችሁ አፉ ሳይቆረጥ፣ ቦታውና ከፍታው ተጽፎበት ሰብስቡልን። መምህሮቻችን በአጉሊ መነጽር ስሙን ያረጋግጡ፤ ያለ እነሱ ዓይን መዝገቡ አይሞላም። መፍጨቱን ለእኛ ተዉት።

ጠርሙስና የስም ወረቀት ይዤ መጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው።