በተራ ጽሑፍ የሥራ ማስታወሻ ስለ መያዝና በአማርኛ ሲሠራበት ስለሚያጋጥሙት እንከኖች
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ኮሚቴው እንድናገር የጠየቀኝ በግንባታ ሥፍራ ስለሚደረግ የኮንክሪት ጥራት ቁጥጥር ነበር። እኔ ግን ይዤ የቀረብሁት ስለ ማስታወሻ ደብተር ነው። ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙበት አንድ ቦታ ስላለ፥ እዚያ እስክደርስ ድረስ በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ።

ከመካከላችን የሥራ ማስታወሻ የማይዝ መሐንዲስ ያለ አይመስለኝም። እኔም ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ጠንካራ ልባስ ባለው ደብተር ስጽፍ ኖሬአለሁ። ደብተሩ ታማኝ ነው፤ ነገር ግን ዝናብ ይመታዋል፥ ከጠፋም ጠፋ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የጻፍሁትን ነገር በቀኑ አያስታውሰኝም። ስለዚህ ኦርግ ሞድ ወደተባለው መሣሪያ ተዛወርሁ። ይህ መሣሪያ ኢማክስ በሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ውስጥ የሚሠራ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ካርስተን ዶሚኒክ ነው። ኢማክስ ራሱ ከዚያ እጅግ ይቀድማል፤ ዛሬ የምንጠቀምበት ግኑ ኢማክስ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው።

አሠራሩ ሲበዛ ቀላል ነው። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው። በመስመር መጀመሪያ ላይ ኮከብ አስቀምጣችሁ ባዶ ቦታ ብታስከትሉ ያ መስመር ርእስ ይሆናል። ከኮከቡ ቀጥሎ «ቱዱ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ብትጽፉ ርእሱ ገና ያልተፈጸመ ሥራ ይባላል። ከርእሱ ሥር «ዴድላይን» ብላችሁ፥ ኮለን አስከትላችሁ፥ ቀኑን በማዕዘን ቅንፍ ብትጽፉ ሥራው የጊዜ ገደብ ያገኛል። መሣሪያው ያስመዘገባችሁለትን ፋይሎች አንብቦ «አጀንዳ» የተባለውን የዕለት ዝርዝር ያወጣል። ፋይሉን ማንኛውም ኮምፒዩተር ይከፍተዋል፤ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ኔትወርክ ቢቋረጥ ግድ የለውም። ሳይት ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ይኸው ተራነቱ አንድ ጠባይ አለው። ቅጽ የሚያስሞላ ፕሮግራም ቀኑን አሳስታችሁ ብትሞሉበት በቀይ ቀለም ይጮኻል። ተራ ጽሑፍ አይጮኽም። ደንቡን የሳተ መስመር ለመሣሪያው ስሕተት አይደለም፤ እንደ ማንኛውም አረፍተ ነገር ቆጥሮ ያልፈዋል። በዚህ ምክንያት የዚህ መሣሪያ ብልሽት ሁልጊዜ የሚገለጸው በዝምታ ነው።

እነሆ የኮንክሪቱ ጉዳይ ይህ ነው። ነሐሴ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ዕለት፥ በምሠራበት ሕንጻ የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ አርማታ ተሞላ። እንደ ወትሮው የኪዩብ ናሙናዎች ተወሰዱ፤ ከፊሎቹ በ7ኛው፥ የቀሩት በ28ኛው ቀን ተሰብረው ጥንካሬያቸው እንዲለካ በፋይሌ ውስጥ ሁለት ሥራዎችን መዘገብሁ። ሰባተኛው ቀን ጳጉሜን 1 ነበር። ጠዋት አጀንዳውን ስከፍት ሥራው ተጽፎ አገኘሁት፤ ናሙናዎቹ ተላኩ፥ ውጤቱም መልካም ሆነ። ሃያ ስምንተኛው ቀን ደግሞ መስከረም 17 ላይ ዋለ። በዚያ ዕለት መስቀል ነው፤ እኔም ቤተሰቤ ዘንድ ነበርሁ፥ ኮምፒዩተሩም ተዘግቶ ውሏል። ሰኞ ወደ ሥራ ስመለስ አጀንዳው ስለ ኪዩብ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ፎርማኑ «ኢንጂነር፥ እነዚህ ውኃ ውስጥ ያሉት ኪዩቦች መቼ ነው የሚሄዱት?» ብሎ የጠየቀኝ መስከረም 24 ቀን ነው። 35ኛው ቀን ሆኗል።

ባልደረቦቼ እንደምታውቁት ኮንክሪት ከ28 ቀን በኋላም ጥንካሬው መጨመሩን አያቆምም። በ35 ቀን የተገኘ ጥሩ ውጤት በ28ኛው ቀን ጥሩ እንደነበረ አያስረዳም፤ ውሉም የሚለው 28 ነው። አማካሪ መሐንዲሱ ውጤቱን አልቀበልም አለ፤ በእርሱ ቦታ ብሆን እኔም አልቀበልም ነበር። ከሶሌታው ላይ ኮር ተቆርጦ እስኪመረመር ድረስ የወለሉ ክፍያ ታገደ። ኮሩ አለፈ፥ ሕንጻውም ደኅና ነው። ሆኖም ክፍያው በዘገየበት ጊዜ የቀን ሠራተኞቹ ደመወዝ አብሮ ዘግይቷልና፥ ነገሩን «የኮምፒዩተር ችግር ነበር» ብዬ ልተወው አልቻልሁም።

ምርመራውን እንደ ማንኛውም መስመር ብልሽት ግማሽ በግማሽ እየከፈልሁ ጀመርሁ። መጀመሪያ ፋይሉ አጀንዳው በሚያነባቸው ፋይሎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አየሁ፤ አንድ ሥራ ከአጀንዳው ሲጠፋ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው። ፋይሉ አለ። ቀኑ የተጻፈው በማዕዘን ቅንፍ ነው ወይስ በካሬ ቅንፍ? በካሬ ቅንፍ የተጻፈ ቀን ለመዝገብ ብቻ ስለሆነ አጀንዳው ላይ አይወጣም። ይህም ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ የጠፋውን ሥራና በትክክል የሚሠራ ሌላ ሥራ ወደ አዲስ ባዶ ፋይል ገልብጬ ጎን ለጎን አስቀመጥሁ። በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው። የአንዱን ቁራጭ እየቆረጥሁ በሌላው ስተካ፥ ስተካ፥ ችግሩ «ዴድላይን» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ባለችው በኮለኗ ላይ ቆመ።

ኢማክስ ጠቋሚውን ያሳረፋችሁበትን ፊደል የመለያ ቁጥር እንዲነግራችሁ ልትጠይቁት ትችላላችሁ። በሚሠራው መስመር ላይ ያለው ምልክት ቁጥሩ 58 ነው፤ የላቲኑ ኮለን። በማይሠራው ላይ ያለው ግን 4961 ሆነ፤ እርሱም ቃልን ከቃል የምንለይበት የራሳችን ሁለት ነጥብ ነው። በማያ ገጹ ላይ ሁለቱም ሁለት ነጥቦች ናቸው። ለመሣሪያው ግን «ዴድላይን» ከአማርኛው ሁለት ነጥብ ጋር ሲጻፍ ምንም ትርጉም የለውም።

ታዲያ ሰባተኛው ቀን ስለምን ታየ? እኔን ለረጅም ጊዜ ያታለለኝ ይህ ነው። በትክክል የተጻፈ የጊዜ ገደብ ካልተለወጠ በቀር ቀኑ ከመድረሱ 14 ቀን አስቀድሞ በአጀንዳው ላይ መታየት ይጀምራል፤ ካለፈም እስኪፈጸም ድረስ በየዕለቱ «ይህን ያህል ቀን አልፎታል» እያለ ይወቅሳል። በማዕዘን ቅንፍ ብቻውን የተጻፈ ቀን ግን ተራ ቀጠሮ ነው፤ በዕለቱ ብቻ ብቅ ይላል፥ በማግሥቱ የለም። የእኔ መስመር ቁልፍ ቃሉን ስላጣ ወደ ተራ ቀጠሮነት ወርዶ ነበር። ጳጉሜን 1 የሥራ ቀን በመሆኑ ብቻ አየሁት። ትክክለኛ ቢሆን ኖሮ ከመስከረም 3 ጀምሮ ያስጠነቅቀኝ ነበር፤ እኔም 28ኛው ቀን በዓል ላይ እንደሚውል አይቼ ከላቦራቶሪውና ከአማካሪው ጋር አስቀድሜ እስማማ ነበር።

ምልክቱ ከየት እንደመጣ ስመረምር ጥፋቱ የቸልተኛ ሰው ሆኖ አላገኘሁትም። ሁላችንም የምንገለብጠውን አብነት አንድ ጥንቁቅ ባልደረባችን አማርኛውን አርሞ፥ ሥርዓተ ነጥቡን አስተካክሎ፥ የፈረንጁን ኮለን ሁሉ በእኛ ሁለት ነጥብ ተክቶት ኖሯል። ቋንቋ አክባሪነቱን አደንቃለሁ። ገልብጬ ሳላጣራ የተጠቀምሁት ግን እኔው ነኝ።

ኮለኖቹን ሁሉ ካስተካከልሁ በኋላም አንድ ሥራ እንደ ቀድሞው በዕለቱ ብቻ መታየቱን ቀጠለ። ምክንያቱ ሌላ ነው፤ የጊዜ ገደቡ መስመር ከርእሱ ሥር ወዲያውኑ መከተል አለበት። እኔ በመካከል «ስድስት ኪዩብ፥ ከሁለተኛው ሚክሰር» የሚል ማስታወሻ አስገብቼ ነበር። መሣሪያው ፋይሉን ራሱ የሚመረምርበት ሊንት የተባለ ትእዛዝ አለው፤ ይህን ዓይነቱን ያለቦታው የተጻፈ መስመር ይነግራችኋል። የመጀመሪያውን ስሕተት ግን አያገኘውም። በአማርኛ ሁለት ነጥብ የተጻፈውን የጊዜ ገደብ ተራ አንቀጽ ነው ብሎ ስለሚያምን የሚያርመው ነገር አይታየውም።

ከዚህ ወዲያ ሌሎች እንከኖችን መፈለግ ጀመርሁ፤ የፈለገም አያጣም። ቀን ሲሞላ መሣሪያው «ከ28 ቀን በኋላ» የሚል አጭር አጻጻፍ ይቀበላል። በፊቱ አንድ የመደመር ምልክት ብታደርጉ ቆጠራው ከዛሬ ይጀምራል፤ ሁለት ብታደርጉ አስቀድሞ ከተቀመጠው ቀን። የሙሌቱን መዝገብ በዕለቱ ለሚጽፍ ሰው ልዩነት የላቸውም። ሳይት ውሎ ከሦስት ቀን በኋላ ለሚጽፍ ሰው ግን ኪዩቡ በ31ኛው ቀን ይሰበራል። በየጊዜው በሚደጋገም ሥራም ላይ እንዲሁ ነው፤ አንድ መደመር ሥራውን በአንድ ዙር ብቻ ይገፋዋል፥ ሁለት መደመር ወደፊት እስኪደርስ ይገፋዋል፥ ነጥብና መደመር ደግሞ ሥራው ከተፈጸመበት ዕለት ይቆጥራል። ለሳምንታዊ ስብሰባ ሁለተኛው፥ ለጄነሬተር ዘይት ሦስተኛው ይስማማል።

የፊደሎቻችን ነገር ሰፋ ያለ ነው። በርእሶቼ ጫፍ ላይ መለያ ስም እጽፋለሁ፤ «ሥራ» የሚለውን መለያ አንድ ጊዜ በንጉሡ ሠ፥ ሌላ ጊዜ በእሳቱ ሰ ጽፌው አግኝቻለሁ። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለመሣሪያው ሁለት ነው፥ አንዱን የጠየቀ ሌላውን አያገኝም። በሀ፥ በሐና በኀ፤ በአና በዐ፤ በጸና በፀ የሚደርሰውም ይኸው ነው። ሁለቱንም ፊደል በካሬ ቅንፍ አጣምሮ መፈለግ ይቻላል፤ ከዚያ የሚሻለው ግን የአንድ ቢሮ ሰዎች መለያዎቹን በአንድ ወረቀት ጽፈው በዚያ ብቻ ቢጠቀሙ ነው። እዚህ ላይ ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። ፊደላችን በዩኒኮድ መደብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኢማክስ ግን በ1997 በወጣው 20ኛ ቅጹ አስቀድሞ ይዞት ነበር። መሣሪያው ፊደላችንን ከናቁት ወገን አይደለም።

ስለ ሰዓት ብዙ አልልም፤ ጠዋት በ3 ሰዓት ያላችሁን የላቦራቶሪ ቀጠሮ 3፡00 ብላችሁ ብትጽፉት ሌሊት ይቀጥራችኋል፤ ደግሞም አሁን በዚህ ወረቀቴ ላይ የተየብሁት ምልክት የትኛው እንደሆነ እናንተው አጣሩት።

የዘመን አቆጣጠሩ ግን ገና አላረፈልኝም። የክፍያ ጥያቄያችንን የምናቀርበው በየወሩ በ30 ነው። መሣሪያው የሚያውቀው የፈረንጁን ወር ነው። ከመስከረም 30 ቀን 2017፥ ማለትም ከኦክቶበር 10 ተነሥቶ «በየወሩ» ቢባል፥ በሚቀጥለው ወር ኖቬምበር 10 ይላል፤ ይህም ኅዳር 1 ነው። እየተንሸራተተ ሄዶ የሐምሌ 30ን ክፍያ ነሐሴ 4 ላይ ያስታውሳል። «በየ30 ቀኑ» ቢባል እስከ ነሐሴ መጨረሻ አንድ ቀን አይስትም፤ ጳጉሜን ሲመጣ ግን በአምስት ቀን፥ እንደ 2015 ባለው ዓመት ደግሞ በስድስት ቀን ይፋለሳል። ደግነቱ ኢማክስ የእኛን የዘመን አቆጣጠር ስለሚያውቅ፥ «ዛሬ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 30ኛው ቀን ነውን?» ብሎ በየዕለቱ የሚጠይቅ አጭር የፕሮግራም ሐረግ በቀኑ ፋንታ ማስገባት ይቻላል። እኔም አድርጌዋለሁ። ጉድለቱ፥ እንዲህ የተጻፈ ቀን ሥራው ሲፈጸም ወደሚቀጥለው ወር አለመገፋቱ ነው፤ «ተፈጸመ» ብዬ ምልክት ካደረግሁበት ለሁልጊዜው ተፈጸመ። ስለዚህ ያንን ርእስ ፈጽሞ አልዘጋውም፤ የየወሩን ክፍያ በሥሩ እየጻፍሁ እተወዋለሁ። የተሻለ መላ ያገኘ ባልደረባ ቢኖር ከሁሉ አስቀድሜ የምማር እኔ ነኝ።

ይህን ንግግር ስዘጋጅ አንድ አንጋፋ ባልደረባችን «ይህ ሁሉ ጣጣ ከሆነ ወደ ደብተርህ ለምን አትመለስም?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሴ፥ በተራ ጽሑፍ የተሠራውን ስሕተት እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ድረስ ተከትዬ ላገኘው መቻሌ ነው። ውስጡ በማይታይ ፕሮግራም ላይ ቢደርስብኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ሻጩን በስልክ ስጠይቅ እኖር ነበር። ደብተሩንም ቢሆን አልተውሁትም፤ የኪዩቦቹ ቀን አሁን በናሙና ማስቀመጫው ገንዳ ላይ በኖራ ጭምር ይጻፋል፥ ፎርማኑም ያነበዋል።

ፋይሉ ሲቀመጥ ከቁልፍ ቃላት ቀጥሎ ቁጥር 4961ን አድኖ የሚያስጠነቅቅ አጭር ፕሮግራም ጽፌአለሁ። እርሱንና የታረመውን አብነት በፍላሽ ይዤ መጥቻለሁና የሚፈልግ ባልደረባ በሻይ ሰዓት ሊገለብጥ ይችላል። ኮለኖቹን አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ።