ስለ ሕፃናት ማቆያና ስለ ዕድራችን አዳራሽ
(በጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድር የተቋቋመው ለቀብርና ለለቅሶ ነው፤ ታዲያ የሕፃናትን ጉዳይ እዚህ ምን አመጣው የሚል አባል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ያመጣው የአዳራሹ ቁልፍ ነው። አዳራሻችን ከሰኞ እስከ ዓርብ ተቆልፎ ይውላል፤ ሥራ የምትወጣው እናት ደግሞ ልጇን የምታስቀምጥበት አጥታ ከጎረቤት ጎረቤት ትዞራለች።

መዝገብ ቤት የኖርን ሰዎች መቍጠር ልማዳችን ነውና እስቲ እንቍጠረው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዟ ይሰጣል። ቀድሞ የኋለኛው 60 ነበር፤ ተሻሽሏል። ሆኖም ክርስቲያኑ ሴት ልጁን ክርስትና የሚያስነሣው በ80 ቀኗ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለእናቲቱ የሚቀራት 10 ቀን ብቻ ነው ማለት ነው። ለአባትየው 3 ቀን ተሰጥቶታል፤ የገንፎውን እንግዳ ለመሸኘትም አይበቃው። እንጀራ ጋግራ የምትሸጠውና ልብስ አጣቢዋ ግን ይህም የላቸውም። የሰው ቤት ሠራተኛዋም ከአዋጁ ውጭ ናት።

ፈቃዱ ካለቀ በኋላ ትምህርት ቤት እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው እንግዲህ ጭንቁ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው ፖሊሲ ዘመን መዋዕለ ሕፃናት ለግልና ለሃይማኖት ድርጅቶች የተተወ ያህል ስለ ነበረ፣ የከፈለ ያስገባ ነበር። ኋላ ዜሮ ክፍል በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተከፈተ፤ የ2015ቱ ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አደረገው። በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባም መጣ። ምሳ መቋጠር የቀረላት እናት ጥቅሙን ታውቀዋለች። ነገር ግን የሁለት ዓመቱን ልጅ ማን ይያዘው? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች ሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር፤ እሱም ቢሆን መሥሪያ ቤት ላላት ነው።

በደርግ ዘመን ቀበሌዎች መዋዕለ ሕፃናት ከፍተው ነበር፤ የሰፈር ሰው ተባብሮ ልጅ መያዝ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ አዳራሹ በሥራ ቀን ሕፃናት ማቆያ ይሁን የሚል ነው። ማስገባት በፈቃድ ነው፤ አያት ያለው ልጅ አያቱ ዘንድ ይዋል፣ ማንም አያስገድድም። ለሁለት ሞግዚቶች ደመወዝ የሚከፍሉት ወላጆች ናቸው፤ በነጻ ያገልግሉ ማለት ግፍ ነው። የቀብር መዋጮ አንድ ሳንቲም አይነካም።

ጡሩምባ ሲነፋስ ለሚለው፣ ድንኳኑ የሚተከለው በሐዘንተኛው ደጅ ነው። ዕቃ ለማውጣት ግን ግምጃ ቤቱ በስተጓሮ የራሱ በር እንዲኖረው ያስፈልጋል፤ እነዚያ ትልልቅ ብረት ድስቶች በተደረደሩበት ልጅ ሊገባ አይገባም። መጸዳጃውም ለሕፃን አይሆንም። የወረዳው ፈቃድ ሳይገኝም አንጀምርም።

በሚመጣው የመዋጮ ቀን የበሩንና የመጸዳጃውን ወጪ ግምት ይዘን እንቀርባለን። ተቃውሞ ያለው አባል እስከዚያው ለጸሐፊው ያስመዝግብ።