ድንበር የተሻገረው የደን ትምህርት ቤት



ስለ ሀንጋሪ ስደተኞች የሚዘጋጁ ዘጋቢ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ ዓይናቸውን የሚጥሉት በድንበሩ ላይ ነው። በጭቃና በብርድ የሚጓዘው ሕዝብ፣ በእናቱ ጀርባ ያንቀላፋው ሕፃን ይታያል። ከድንበሩ ወዲያ ያሉት ረጃጅም ዓመታት ግን ለካሜራ አይመቹም። ለባለሙያ ሰው ደግሞ ዋናው ቁም ነገር የሚገኘው በእነዚሁ ዓመታት ውስጥ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኦክቶበር 1956 የተነሣውን ዐመፅ የሶቪየት ጦር በኖቬምበር ወር በደመሰሰው ጊዜ 200,000 ያህል ሀንጋሪያውያን አገራቸውን ለቀው ወጡ። ከእነዚህም 37,000 ያህሉ ካናዳ ገቡ። ብዙዎቹ እንደማንኛውም ስደተኛ ዲፕሎማቸውን በሻንጣ ከተው፣ በተገኘው የጉልበት ሥራ ተሠማሩ። በኦስትሪያ ጠረፍ አጠገብ ከምትገኘው ከሾፕሮን ከተማ የወጡት የደን ተማሪዎችና መምህራን ዕድል ግን ከዚህ የተለየ ነበር። ዲኑ ካልማን ሮለር ትምህርት ቤቱን ሳይበተን የሚቀበል አገር ፈለጉ፤ ካናዳም እሺ አለች። 200 ያህል ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር በ1957 መጀመሪያ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ደረሱ። ፓውል ሪቨር በምትባለው የወረቀት ፋብሪካ ከተማ እንግሊዝኛ ሲማሩ ከረሙና በዚያው ዓመት መስከረም በቫንኩቨር ዩኒቨርሲቲ የራሳቸው ክፍል ተከፈተላቸው።

ትምህርት ቤቱ ለስደት እንግዳ አልነበረም። መጀመሪያ የቆመው ዛሬ ስሎቫኪያ በሆነው አገር፣ በሸልመጽባኛ ከተማ ሲሆን፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ ድንበር በተለወጠ ጊዜ ነው ወደ ሾፕሮን የተዛወረው። ያን ጊዜ ግን ቋንቋውም ዛፉም አብረው ተጉዘው ነበር። በካናዳ ይህ አልሆነም። የሀንጋሪ የደን ባለሙያ ደን ባነሰበት አገር የበሉጥ ዛፍ እየተከለ፣ እየኮተኮተ፣ እየቆጠበ መኖርን የተማረ ነው። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ያጋጠመው ደግሞ የሰው እጅ ያልተከለው፣ ዳርቻው የማይታይ የጥንት ጫካና ዳግላስ ፈር የሚባለው ግዙፍ ዛፍ ነበር። በዚያም የዘመኑ ዋና ሥራ መቍረጥ እንጂ መትከል አልነበረም። ሸምገል ያለ ፕሮፌሰር፣ ገና በሚማረው ቋንቋ፣ ኖሮበት የማያውቀውን ጫካ ማስተማር ነበረበት። ይህን ከድንበሩ መሻገር ያነሰ ድፍረት ነው ማለት ያስቸግራል።

ውለታው የራሱ ዋጋ ነበረው። ክፍሉ የተከፈተው የመጡት ተማሪዎች እስኪመረቁ ብቻ ስለነበር አዲስ የሀንጋሪ ተማሪ አልተጨመረበትም፤ እያንዳንዱ ምረቃም ክፍሉን ወደ መዘጋቱ ያቀርበው ነበር። በ1961 የመጨረሻዎቹ ሲወጡ የተመራቂዎቹ ቍጥር 140 ያህል ደርሶ ነበር። ከመምህራኑ መካከል እንደ ኦስካር ሲክላይ ያሉት በዚያው ዩኒቨርሲቲ ቀሩ፤ እርሳቸውም የዛፎችን የዘር ባሕርይ በማጥናት ታወቁ።

በሾፕሮን የቀረው ትምህርት ቤት ግን አልተዘጋም፤ ዛሬም ያስተምራል። በ1956 መጸው በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ከነበሩት ተማሪዎች ከፊሎቹ የበሉጡን፣ ከፊሎቹ የዳግላስ ፈሩን ዕድሜ ሲቈጥሩ ኖረዋል።